የልብስ ማጠቢያ ማሽንን ማጽዳትና መንከባከብ፦ ለቤተሰብ ጤና ማወቅ ያለብዎት

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሳሙናና ውሃ ዘወትር ስለሚገባበት ራሱን በራሱ የሚያጸዳ ይመስላል። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርጥበት፣ ሙቀት፣ የሳሙና ዝቃጭና ከልብስ የሚለቀቅ ቆሻሻ በአንድ ቦታ ሲጠራቀሙ ለባክቴሪያና ለሻጋታ ምቹ መኖሪያ ይሆናሉ። ጤናማ ለሆነ አዋቂ ሰው ይህ ብዙውን ጊዜ ከመጥፎ ሽታ ያለፈ ችግር አያመጣም። ቤትዎ ውስጥ ጨቅላ ሕፃን፣ የአስም ሕመምተኛ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካለ ግን ትኩረት ሊሰጡት ይገባል።

በሌላ በኩል በሐኪምነት ሥራዬ ከቆሸሸ ማሽን ይልቅ በማጽዳቱ ሥራ የተጎዱ ሰዎች ያጋጥሙኛል። በረኪናና አቼቶ ቀላቅላ ማሽኑን ስታጸዳ በጭሱ ታፍና፣ እያሳለች የመጣች እናት አስታውሳለሁ። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አንድ ላይ ቢሆኑ ይበልጥ ያጸዳሉ ብዬ ነው» ነበር ያለችኝ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ጽዳቱ ብቻ ሳይሆን ሳይጎዱ ስለማጽዳትም ነው።

በአጭሩ

• ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ የማሽኑን በርና የሳሙና መሳቢያ ክፍት አድርገው ያናፍሱ። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ከታች «ልጆችና ማሽኑ» የሚለውን ያንብቡ።
• በወር አንድ ጊዜ ማሽኑን ያለ ልብስ በሙቅ ውሃ (60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ) ያጥቡት። ማሽኑ ውሃ የማያሞቅ ከሆነ በረኪና ይጠቀሙ።
• በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ።
• ከማጽዳትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ።
• የታጠበ ልብስ ማሽን ውስጥ አያሳድሩ።

ማሽኑ ለምን ይቆሽሻል?

ከሰውነታችን የሚወጣ ላብና ቅባት፣ የሞተ ቆዳ፣ ፀጉርና አቧራ በእጥበት ወቅት ከልብስ ይለቀቃል። አብዛኛው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። የቀረው በበሩ ጎማ እጥፋት፣ በሳሙና መሳቢያው፣ በፍሳሽ ማጣሪያው (ፊልተሩ) እና በማይታየው የገንዳው ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ባክቴሪያዎች በዚህ ላይ ተጣብቀው የሚያዳልጥ ልጋግ የመሰለ ሽፋን ይሠራሉ። ሽፋኑ ከሳሙናም ከውሃም ስለሚከላከላቸው በተራ እጥበት በቀላሉ አይነሱም።

ሁኔታውን የሚያባብሱ ልማዶች አሉ፦

• ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ።
• ከሚያስፈልገው በላይ ሳሙና መጨመር። አረፋ ሲበዛ ልብሱ ይበልጥ የሚጸዳ ይመስለናል፤ ነገር ግን ትርፉ ሳሙና በደንብ አይለቀቅም፣ ልብሱም ማሽኑም ላይ ይቀራል።
• በር እንደ ተዘጋ መተው።
• ማሽኑን ከአቅሙ በላይ ማጨቅ።
• ውሃ ወይም መብራት ሲቋረጥ ርጥብ ልብስን ማሽኑ ውስጥ ማቆየት።

ለጤና ምን ጉዳት አለው?

ማሽን ጀርም ሊያስተላልፍ እንደሚችል ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ ከጀርመን የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ሕፃናቱ ላይ በተደጋጋሚ ተገኘ። ምንጩ ሲፈለግ የሕፃናቱ የሹራብ ኮፍያና ካልሲ ይታጠብበት የነበረ፣ ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ማሽን ሆኖ ተገኘ፤ ባክቴሪያው በሳሙና መሳቢያውና በበሩ ጎማ ላይ ነበር። ማሽኑ ከዚያ ሲነሳ መተላለፉ ቆመ። ሕፃናቱ ባክቴሪያው ሰውነታቸው ላይ ተገኘ እንጂ በእሱ አልታመሙም። በ2019 የታተመው ይህ ጥናት የሚያስተምረን ለጤነኛ ሰው የሚበቃ እጥበት ለደካማ ሰው ላይበቃ እንደሚችል ነው።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው፦

• ጨቅላ ሕፃናት፣ በተለይ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ። ቆዳቸው ስስ፣ የመከላከል አቅማቸውም ገና ያልጎለበተ ነው።
• የአስምና የአለርጂ ሕመምተኞች። የሻጋታ ሽታና ብናኝ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ሊቀሰቅስ ይችላል።
• የመከላከል አቅማቸው የቀነሰ ሰዎች፦ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ ሕክምና ያልጀመሩ ወይም ያቋረጡ።
• ክፍት ቁስል ያለባቸው፦ የስኳር ሕመም የእግር ቁስል፣ የአልጋ ቁስል፣ አዲስ የቀዶ ሕክምና ቁስል።
• ችፌ (ኤክዜማ) ያለባቸው። እነዚህን የሚያስቸግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ጀርሙ ሳይሆን ልብስ ላይ የሚቀር ሳሙናና ሽቶ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ኤችአይቪም ሆነ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ልብስን በአንድ ማሽን በማጠብ አይተላለፉም። በዚህ ፍርሃት የቤተሰብ አባልን ልብስ መለየት ሕመምተኛውን ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም። በደም፣ በመግል ወይም በሰገራ የተበከለ ልብስ ግን የማንም ቢሆን ተለይቶ ይታጠባል።

ማሽንዎ ጽዳት እንደሚፈልግ የሚያሳዩ ምልክቶች

• በሩ ሲከፈት የእርጥበት ወይም የሻጋታ ሽታ
• ታጥቦ የደረቀ ልብስ መሽተቱ
• በጎማው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሚያዳልጥ ነገር
• በመሳቢያው ውስጥ የደረቀ ሳሙና
• ልብስ ላይ ግራጫ ወይም ቡናማ ቅንጣት መታየት
• ውሃው ቀስ ብሎ መግባቱ ወይም መፍሰሱ

ከመጀመርዎ በፊት

1. ሶኬቱን በደረቅ እጅ ይንቀሉ፤ የውሃውን ቧንቧ ይዝጉ።
2. መስኮትና በር ይክፈቱ።
3. የጎማ ጓንት ያድርጉ። የአስም ሕመምተኛ ከሆኑ የበረኪናውን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራልዎት።
4. ልጆችን ያርቁ።
5. የማሽኑን መመሪያ ይመልከቱ። አንዳንድ ማሽኖች ለገንዳ ማጽጃ የተዘጋጀ የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፤ ካለ እሱን ይጠቀሙ።

ማሽኑን ስትነኩ የሚነዝር ከሆነ ማጽዳቱን ትተው መጠቀምዎን ያቁሙ። የመሬት መስመሩን (ኧርዙን) በባለሙያ ሳያስፈትሹ ዳግም አያስነሱት።

ምን ከምን አይቀላቀልም?

በረኪና (ዓረብ አገር ክሎሮክስ የሚባለው) ብቻውን፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ጥሩ ጀርም ገዳይ ነው። አደጋው መቀላቀሉ ላይ ነው።

• በረኪናና አቼቶ፣ ሎሚ ወይም ሌላ አሲድ፦ ክሎሪን የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል።
• በረኪናና አሞኒያ ያለበት ማጽጃ፦ ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሽንትም የአሞኒያ ምንጭ ስለሆነ የሕፃን ሽንት ጨርቅ በረኪና ከመንካቱ በፊት በብዙ ውሃ መለቅለቅ አለበት።

አቼቶ መጠቀም ከፈለጉ በሌላ ቀን፣ ማሽኑ በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ ይሁን። በረኪናን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ወይም በሃይላንድ አይገልብጡ፤ ልጆች ውሃ እየመሰላቸው የሚጠጡት ከዚያ ነው።

ይህ ምክር በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን፣ አገር ውስጥም ሆነ በዓረብ አገር፣ በተለይ ይመለከታል። ጠባብና መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ እንዲያጸዱ ከታዘዙ አንድ ማጽጃ ብቻ ይጠቀሙ፣ በሩን ይክፈቱ። እርስዎም የቤት ሠራተኛ ካለዎት ይህንን ቁጭ ብለው ያስረዷት፤ ጓንቱንም ይግዙላት።

አጸዳዱ ደረጃ በደረጃ

ሀ. ከፊት የሚከፈት ማሽን

1. የበሩን ጎማ በጣትዎ ገለጥ አድርገው እጥፋቱን ይመልከቱ። ፀጉር፣ ሳንቲም፣ የልብስ መርፌ ሊኖር ስለሚችል ጓንት ሳያደርጉ አይግቡበት። በሳሙና በተነከረ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት። ሻጋታ ካለ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ አቅጥነው በጨርቅ ያብሱት፣ 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው በንጹሕ ውሃ ያጥፉት።
2. የሳሙና መሳቢያውን አውጥተው በሙቅ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። የተቀመጠበትን ቦታም ጣሪያውን ጭምር ያጽዱ።
3. ከታች በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍተው የፍሳሽ ማጣሪያውን ያውጡ። ውሃው ትኩስ ሊሆን ስለሚችል ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ዝርግ ሳፋና ጨርቅ ከሥር ያስቀምጡ። ማጣሪያውን አጥበው ጠበቅ አድርገው ይመልሱ።
4. ሶኬቱን ሰክተው፣ ቧንቧውን ከፍተው ማሽኑን ያለ ልብስ በ60 ወይም በ90 ዲግሪ ያጥቡት። በዚህ ጊዜ በረኪና አያስፈልግም። ሙቅ ውሃና በረኪና አንድ ላይ ሲሆኑ ሽታው ይበረታል፣ የበረኪናውም ጉልበት ቶሎ ያልቃል።
5. ሲጨርስ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በሩን ክፍት ይተዉ።

ለ. ከላይ የሚከፈት ማሽን

ከእነዚህ ብዙዎቹ ውሃ አያሞቁም። ስለዚህ ገንዳውን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው እንደ ማሽኑ መጠን ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ (ከ120 እስከ 240 ሚሊ ሊትር) በረኪና ይጨምሩ። ትንሽ ካሽከረከረ በኋላ አቁመው ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይዘፍዝፉት። ከዚያ ውሃው ይፍሰስ፤ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ። በረኪና ብረትና ጎማ ስለሚበላ አያሳድሩት።

ሐ. ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን

ውሃ በባልዲ እየተሞላ የሚሠራው ይህ ማሽን ብዙ ቤቶች ውስጥ አለ። የማጠቢያውን ገንዳ ከላይ በተገለጸው መንገድ በበረኪና ያጽዱ። ክርና ፀጉር የሚይዘውን ከረጢት አውልቀው ይገልብጡ፣ አጥበው በፀሐይ ያድርቁ። የሚጨምቀውን ክፍል ፕላስቲክ ክዳን አንስተው ከሥር ያለውን ይጥረጉ።

የሚጨምቀው ክፍል ሙሉ በሙሉ ሳይቆም እጅዎን በፍጹም አያስገቡ። ክዳኑ ሲከፈት የማያቆም ያረጀ ማሽን ካለዎት ሳያሠሩ አይጠቀሙበት። ልብስ በእጅ ላይ ተጠምጥሞ የሚያደርሰው ጉዳት ጣት እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙዎቻችን የምናጥበው በሮቶና በበርሜል ባቆየነው ውሃ ነው። ይህ ሦስት ነገሮችን ያስከትላል።

በመጀመሪያ፣ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ የሚመጣው ድፍርስ ውሃ ደለል ይዞ ይገባል። ቧንቧውን ከፍተው እስኪጠራ ድረስ በባልዲ ይቅዱት፤ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። ውሃ የሚያስገባው ቱቦ ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ወንፊት አለች። በየሦስት ወሩ ፈትተው ያጽዷት።

ሁለተኛ፣ ውሃ ለመቆጠብ በአንድ ውሃ ብዙ ዙር እናጥባለን። ይህን ካደረጉ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ በመጀመሪያ የሕፃንና የሕመምተኛ ንጹሕ ነክ ልብስ፣ ቀጥሎ የውጪ ልብስ፣ በመጨረሻ ካልሲና መወልወያ። የውስጥ ሱሪና በሰገራ የተነካ ልብስ ግን በራሱ ውሃ ይታጠብ። የመጨረሻው መለቅለቂያ ሁልጊዜ አዲስ ውሃ ይሁን።

ሦስተኛ፣ መብራት ወይም ውሃ መሐል ላይ ከተቋረጠ ልብሱን ማሽኑ ውስጥ አይተዉት። አውጥተው በሳፋ ለቅልቀው ያስጡት። ካደረና ከሸተተ እንደገና ይታጠብ።

ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ሲኖር

• ተቅማጥ ወይም ትውከት፦ ጓንት አድርገው ደረቁን ቆሻሻ ሽንት ቤት ይጨምሩ። ልብሱን አያራግፉ። በውሃ ለቅልቀው ለብቻው በ60 ዲግሪ ይጠቡት። ሙቅ ውሃ የሚሰጥ ማሽን ከሌለ ጥጥ የሆነውን መቀቀል ይቻላል። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ማሽኑንም ያለ ልብስ አንድ ዙር ያጥቡት።
• እከክ (ስኬቢስ)፦ የቤተሰቡ ሁሉ ሕክምና በሚጀመርበት ቀን ያለፉት ሦስት ቀናት ልብስ፣ አንሶላና ፎጣ በ60 ዲግሪ ይታጠብ። ሊታጠብ የማይችለው በፕላስቲክ ተቋጥሮ ከ3 ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ተባዩ ከሰው ቆዳ ርቆ ብዙ አይኖርም።
• ኬሞቴራፒ፦ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት በሽንት፣ በትውከት ወይም በላብ የራሰ ልብስ መድኃኒቱን ሊይዝ ይችላል። በጓንት ይያዙት፤ ከሌላው ለይተው ሁለት ጊዜ ይጠቡት።
• የእግር ፈንገስ፦ ካልሲና ፎጣ በ60 ዲግሪ ይታጠብ። ካልሲው ካልታጠበ መድኃኒቱ ብቻውን ላይበቃ፣ ፈንገሱም ሊመለስ ይችላል።
• ችፌና የሕፃን ቆዳ፦ ሽቶ የሌለው ሳሙና በልኩ ይጠቀሙ፣ ተጨማሪ መለቅለቂያ ያድርጉ፤ ማለስለሻውን ይተዉት።

ፀሐይ ትልቅ ረዳታችን ናት። ልብስን ጥላ ቦታ ሳይሆን ፀሐይ ላይ ያስጡ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በአንዳንድ ሞቃታማ የአፍሪካ አካባቢዎች ደግሞ ርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል፣ እጯም ቆዳ ውስጥ ገብቶ እባጭ የሚያመጣ ዝንብ አለች። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ የውስጥ ልብስንና የሕፃን ልብስን በጋለ ካውያ መተኮስ ይከላከላል።

ልጆችና ማሽኑ

ማሽን እንዳይሸት በሩ ክፍት ይሁን ብያለሁ። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ግን ክፍት በር ለልጁ መደበቂያ ነው፤ ገብቶ ሊታፈን ይችላል። መፍትሔው እርስዎ አጠገቡ ባሉበት ሰዓት ማናፈስ፣ ጎማውን በጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ መዝጋት ነው፤ ወይም የክፍሉን በር መቆለፍ። ማሽኑን ከማስነሳትዎ በፊት ሁልጊዜ ውስጡን ይመልከቱ። ውሃ የያዘ ገንዳ ወይም ባልዲ አጠገብ ልጅን ብቻውን አይተዉ። ውጭ አገር ለምትኖሩ፣ ከረሜላ የሚመስሉት ባለ ከረጢት ፈሳሽ ሳሙናዎች ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጡ።

አደጋ ሲደርስ

• ጋዝ ከሸተተዎት፦ ሁሉንም ትተው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ። ለመድፋት ወይም ለማጥፋት ተመልሰው አይግቡ። የአስም ሕመምተኛ የሚነፋውን መድኃኒት ይጠቀም። ሳሉ፣ የደረት መጨነቁ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልተሻለ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ አንዳንዴ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል።
• ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና ይሂዱ።
• ልጅ ከጠጣ፦ አፉን በውሃ ያጽዱ። እንዲያስመልስ አያድርጉ፤ ሲወጣም ዳግመኛ ያቃጥላል። ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በግድ አያጠጡ። ጠርሙሱን ይዘው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።
• ኤሌክትሪክ ከያዘው፦ ሰውየውን ሳይነኩ መጀመሪያ ዋናውን መብራት ከቆጣሪው ያጥፉ።

ሐኪም ማየት ያለብዎት መቼ ነው?

• ሳሙና ቀይረው፣ ማሽኑንም አጽድተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልጠፋ ማሳከክ ወይም ሽፍታ
• ልብስ ሲያጥቡ ወይም የማሽኑ ክፍል ሲገቡ የሚነሳ ሳልና ሲርሲርታ
• መግል የያዘ፣ የሚያብጥ ወይም የሚሰፋ የቆዳ ቁስል
• ከአንድ ወር በታች ያለ ሕፃን ላይ የሚታይ ማንኛውም ውሃ ወይም መግል የቋጠረ ሽፍታ፣ ትኩሳት ወይም ጡት አለመጥባት። ይህ በዚያው ዕለት መታየት አለበት።

ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

ለሕፃን የተለየ ማሽን ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ማሽኑ ንጹሕ ከሆነ፣ የሕፃኑ ልብስ በሽንት ጨርቅና በአዋቂ የውስጥ ልብስ ካልተቀላቀለ ይበቃል።

አቼቶ በረኪናን ይተካል? አይተካም። የውሃ ጨው (ነጭ ቅርፊት) ያነሳል፣ ሽታም ይቀንሳል፤ ጀርም በመግደል ግን ደካማ ነው። ዘወትር ከተጠቀሙበት የማሽኑን ጎማ ሊጎዳ ይችላል።

በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ልተው? የዘወትር ልብስን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ችግር የለውም። አንሶላ፣ ፎጣና የውስጥ ልብስ ግን ቢቻል በሙቅ ውሃ ይታጠብ። የአቧራ ተባይ የሚሞተውም በ60 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለአስም ሕመምተኛ አንሶላ ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው።

የጊዜ ሰሌዳ

• ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ፦ ልብሱን ወዲያው ማውጣት፣ ጎማውን መጥረግ፣ ማናፈስ
• በየሳምንቱ፦ የሳሙና መሳቢያውንና የክር ከረጢቱን ማጠብ
• በየወሩ፦ የፍሳሽ ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ማሽኑን ያለ ልብስ ማጠብ
• በየሦስት ወሩ፦ የውሃ ማስገቢያውን ወንፊት ማጽዳት፣ ቱቦና ገመድ መፈተሽ

ሁሉንም በአንድ ቀን መጀመር አይጠበቅብዎትም። ዛሬ የበሩን ጎማ ገልጠው ይመልከቱ፤ በረኪናውንም ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። የቀረውን በወሩ ውስጥ ቀስ እያሉ ይሠሩታል።